ያንኑ የውኃ ተርብ ደጋግሞ መመዝገብ ምን ይጠቅማል?

የኩሬዳር

ሰላም ለሁላችሁም። የአካባቢያችንን የውኃ ተርብ የሚመዘግብ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ ከገባሁ ቆይቻለሁ። የምከታተለው አንድ ኩሬ ነው። ኩሬው ደስ ይለኛል፤ መሄዱም አይሰለቸኝም። ግን የማየው ሁሌ እነዚያኑ ነው። ቀዩ፣ ትልቁ ሰማያዊ፣ ከዚያ ደግሞ ቄጤማው ውስጥ የሚርመሰመሱት ቀጫጭኖቹ።

ሌሎች አባላት ብርቅ ነገር አግኝተው ሲለጥፉ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኔ ግን ያንኑ ቀይ በየሳምንቱ ብልክ ማንን ይጠቅማል? መዝገቡን የሚያጣሩት ሰዎች እኮ በነጻ ነው የሚሠሩት። ጊዜያቸውን መሻማት አልፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። የተለመዱትን ደጋግሞ መላክ ጥቅም አለው ወይ? አንድ መዝገብ ሙሉ ነው የሚባለውስ ምን ምን ሲኖረው ነው?

አራትክንፍ

የኩሬዳር፣ ላክ። ከሚያጣሩት አንዱ እኔ ነኝ። ጊዜዬን የሚወስደው ያንተ ቀይ አይደለም፤ እሱን አይቼ ለማለፍ ጥቂት ሰከንድ ይበቃኛል። ጊዜ የሚበላው ቦታውና ቀኑ ሳይጻፍ "ብርቅ ነው" ተብሎ የሚላከው ነው።

ሙሉ መዝገብ አራት ነገር አለው። ማን አየ፣ ምን አየ፣ የት አየ፣ መቼ አየ። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ ብዙም አይረዱም። ሰው በተለይ "የት" ላይ ይቸኩላል። "ከወንዙ አጠገብ" ብሎ ቦታ የለም፤ ወንዝ ረጅም ነው። ስልክህ የሚሰጥህን ኮኦርዲኔት፣ የቦታውን መጠቆሚያ ቁጥር፣ እንዳለ ገልብጥ። በዲግሪ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 4 አኃዝ ካለ ቦታው እስከ 10 ሜትር ገደማ ይታወቃል። 2 አኃዝ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ያኔ ኩሬህን አጠገቡ ካለው ጅረት መለየት አንችልም። በቆመ ውኃና በሚፈስ ውኃ የሚራቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው።

ከአራቱ ሌላ ብትጨምር የምወደው አለ። በግምትም ቢሆን ብዛታቸውን። ወንድ ወይስ ሴት የሚለውን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ሲያደርጉ እንደነበር። ተያይዘው ሲበሩ ነበር? እንቁላል ስትጥል አየህ? ክንፉ ገና የሚያብረቀርቅ፣ በረራው የሚንገዳገድ፣ ከውኃ የወጣ ለጋ ነበር? ኩሬው ማለፊያቸው ይሁን መራቢያቸው የምናውቀው ከዚህ ነው።

ዳታወዳጅ

ጋሽ አራትክንፍ ባሉት ላይ የቁጥሩን ጎን ልጨምር። የኩሬዳር ያነሳው ጥያቄ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ።

መዝጋቢዎች ብርቁን ብቻ ከላኩ፣ የተለመደው ዝርያ በመዝገብ ላይ እየጠፋ የሄደ ይመስላል። እውነት ጠፍቶ ነው ወይስ ሰው ሰልችቶት? መለየት አይቻልም። ያየኸውን ሁሉ ከላክህ ግን ያልላክኸውም ትርጉም ያገኛል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ማን እንደቀረ የሚታወቀው የመጡት ሁሉ "አቤት" ስላሉ ነው። ሌሎቹ ዝርዝርህ ውስጥ ኖረው ቀዩ ከሌለ፣ "ሰውዬው እዚያ ነበር፣ በደንብም አይቷል፣ ቀዩን ግን አላገኘውም" ማለት እንችላለን።

ይሄ በወሬ ደረጃ የቀረ ነገር አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች በተመቻቸው ቀንና ቦታ አይተው የላኩትን የቢራቢሮና የውኃ ተርብ መዝገብ፣ በቋሚ መስመር ላይ በሥርዓት ከተደረገው ቆጠራ ጋር አስተያይተውታል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አንድ ዝርያ ኖሮም ሳይታይ የመቅረት ዕድሉን ጭምር የሚያሰላ ዘዴ አለ፤ ኦኪዩፓንሲ ሞዴል ይሉታል። በዚያ ሲተነተን የተራው ሰው መዝገብ ከሥርዓታዊው ቆጠራ ጋር የሚቀራረብ አዝማሚያ አሳየ።

ስሌቱ ግን የሚጠይቀው ነገር አለ። አንድ ቦታ በአንድ ወቅት ውስጥ ተደጋግሞ መታየት አለበት። በየጉብኝቱም የታየው ሁሉ መጻፍ አለበት። የኩሬዳር፣ አንተ እኮ አንዱን ኩሬ እየተመላለስክ የምታይ ሰው ነህ። እንዲህ ዓይነት መዝጋቢ በጣም ነው የሚፈለገው።

ወንዝዳር

ሐሳቡ ገብቶኛል፣ እኔ ጋ ግን አይሠራም። ሙሉ ዝርዝር ለመላክ ሁሉንም ማወቅ አለብኝ። ከሁለቱ የውኃ ተርብ ዓይነቶች ትልልቆቹን፣ ድራጎንፍላዮቹን፣ እለያለሁ። ቀጫጭኖቹ ሰማያዊ ዳምስልፍላዮች ግን ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። ሴቶቹማ ጭራሽ። ታዲያ የእኔ ዝርዝር መቼ ሙሉ ሊሆን ነው?

አራትክንፍ

ወንዝዳር፣ ሙሉ ዝርዝር ማለት ሁሉም በዝርያ ስሙ ተጠርቷል ማለት አይደለም። ካየሽው ውስጥ ሆን ብለሽ የተውሽው የለም ማለት ነው። ኢሽኑራ ከሚባለው የዳምስልፍላይ ወገን መሆኑ ብቻ ከታወቀሽ "ኢሽኑራ፣ ዝርያው ያልተለየ" ብለሽ ጻፊ። ወገኑም ካልታወቀሽ "ዳምስልፍላይ፣ ያልተለየ" በይ። ይሄ ሐቀኛ መዝገብ ነው፤ በደስታ እቀበለዋለሁ።

የሚጎዳን በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ነው። አንዴ መረጃ ቋት ውስጥ ከገባ በኋላ ግምት መሆኑ አይታይም። ካርታ ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ነጥብ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ነጥቡን አምኖ ዝርያው እዚያ ነበረ፣ አሁን ጠፋ ብሎ ይጽፋል።

ለመለየት ከቀለም አትጀምሪ። ከቅርጽ ጀምሪ። የዳምስልፍላይ ዓይኖች ግራና ቀኝ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ የፊትና የኋላ ክንፎቹ ቅርጽ ይመሳሰላል። የድራጎንፍላይ የኋላ ክንፍ ሥሩ ላይ ሰፋ ይላል፤ የአብዛኞቹ ዓይኖችም አናታቸው ላይ ይገናኛሉ። አብዛኞቹ ያልኩት ጎምፊዴ የሚባለው ቤተሰብ ድራጎንፍላይ ሆኖ ሳለ ዓይኖቹ ስለሚለያዩ ነው። ሲያርፍ ክንፉን የሚያጥፍ ሁሉ ዳምስልፍላይ፣ የሚዘረጋ ሁሉ ድራጎንፍላይ ነው የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ሌስቲዴ የሚባሉት ዳምስልፍላዮች ክንፋቸውን ገርበብ አድርገው ነው የሚያርፉት።

ቀለም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲያድግ ደማቅ ቀይ የሚሆን ወንድ በለጋነቱ እንደ ሴቷ ቢጫማ ነው። ሰማያዊ የሚመስሉን ብዙ ወንዶች ሰማያዊነታቸው ከዕድሜ ጋር ላያቸው ላይ የሚወጣ ዱቄት መሰል ሽፋን ነው፤ ሴቷ ስትይዘው ይፋቃል። የኢሽኑራ ሴቶች ደግሞ ከአንድ በላይ መልክ አላቸው፤ አንዳንዷ ቁርጥ ወንዱን ትመስላለች። ስለዚህ የሆዱ መጨረሻ ክፍሎች ላይ ያለውን ምልክት፣ የደረቱን ጎን መስመሮችና የክንፉን ጫፍ ነቁጥ እዪ። ወንድ ከሆነ ጭራው ጫፍ ላይ ያሉትን መቆንጠጫዎች እዪ። ብዙ ዝርያ የሚለየው በእነዚያ መቆንጠጫዎች ቅርጽ ነው።

ካሜራተሸካሚ

እዚህ ላይ ፎቶ ያግዛል። ቆንጆ ፎቶና ጠቃሚ ፎቶ ግን ለየቅል ናቸው። ፊቱን አጉልቶ የሚያሳየው ፎቶ ብዙ ላይክ ያገኛል፤ ለመለየት ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከዚያ የጭራው ጫፍ። ሦስቱ ካሉ ደብዘዝ ቢሉም አጣሪው ይሠራበታል።

ሲነሳባችሁ አትከተሉት። ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከአንድ እንጨት ላይ እየተነሳ የሚያድነው ዓይነት ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያው እንጨት ላይ ተመልሶ ያርፋል። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ ዙሪያውን ሁሉ ነው የሚያየው፤ በአንዳንዱ ዝርያ አንዱ ዓይን ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ዓይኖች አሉት። ዝቅ ብሎ፣ በቀስታ መጠጋት ይሻላል።

በካሜራ ለምታነሱ ደግሞ የካሜራችሁን ሰዓትና ቀን ከስልካችሁ ጋር አስተካክሉ። ቀኑ የተሳሳተ ፎቶ መዝገብ ያበላሻል።

ስም ካልመጣላችሁ፣ ሰዎች ያዩትን ፍጥረት ፎቶ የሚጭኑበት አይናቹራሊስት የሚባል የኢንተርኔት መድረክ አለ፤ እዚያ ላይ ጫኑት። ፕሮግራሙ ራሱ ፎቶውን አይቶ ስም ይጠቁማል። ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

መምህርት

ካሜራተሸካሚ፣ በፎቶው ምክር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በመጨረሻዋ አንቀጽ ግን አልስማማም። ጀማሪን እንዲህ ማስጀመር ያሰጋኛል።

አይናቹራሊስት ላይ አንድ ምልከታ "ሪሰርች ግሬድ" የሚባለውን ደረጃ የሚያገኘው ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ኖሮት፣ ስም ከሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው። ሁለት ሰው ከተስማማ ይበቃል ማለት ነው። ፈቃዱ ክፍት ከሆነ ከዚያ ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ወደ ጂቢፍ ይሄዳል። አሁን አስቡት። አንዱ ፕሮግራሙ የጠቆመውን ይጫናል። ሁለተኛውም ያንኑ ጥቆማ አይቶ ይስማማል። ሁለት ሰው ተስማማ ተባለ፤ ግን የለየው ሰው የለም።

ፕሮግራሙ የተማረው ሰዎች ከጫኑት ፎቶ ነው። ብዙ ፎቶ ያለውን ዝርያ በደንብ ያውቃል። ጥቂት ፎቶ ያለውን ወይም ጨርሶ የሌለውን ደግሞ ወደሚያውቀው ይጎትተዋል። የክልል ምዝገባ የሚያስፈልገው ደግሞ በትክክል ፎቶ የሌላቸው ዝርያዎችና አካባቢዎች ላይ ነው።

ካሜራተሸካሚ

መምህርት፣ አደጋው እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ጥቆማውን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ መውሰድ ይቻላል። "ይሄ ነው" ሲለኝ እኔ ደግሞ "ለምን ያኛው አይሆንም?" ብዬ መቆንጠጫውን፣ መስመሩን፣ የሚበርበትን ወቅት አያለሁ። ምክንያቱን መጻፍ ካልቻልኩ የዝርያውን ስም አልጭንም፤ ወገኑ ላይ አቆማለሁ። ጀማሪን ፕሮግራሙን አትንካ ከማለት ይሄን ማስለመድ ይሻላል ባይ ነኝ።

መምህርት

በዚህ መልኩ ከሆነ ልዩነታችን ይጠባል። ምክንያትን መጻፍ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። "ስሙ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም…" የሚል አንድ መስመር። አጣሪውም የሚመዝነው ነገር ያገኛል፣ መዝጋቢውም ይማራል።

ባዶቆዳ

እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለሚበሩት ነው። እኔ የማይበረውን ላምጣ።

የውኃ ተርብ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነው፣ እጭ ሆኖ። እንደ ዝርያው ከጥቂት ሳምንታት እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ። ክንፍ አውጥቶ የምናየው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ እጩ ቄጤማ ወይም ድንጋይ ይዞ ይወጣል፣ ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል፣ ክንፋሙ ወጥቶ ይሄዳል። ባዶው ቆዳ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። እኔ የምመዘግበው እሱን ነው።

ለምን? ኩሬ ላይ የሚበር ድራጎንፍላይ ከየትም ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ያቋርጣል። እንቁላል ስትጥል ማየት እንኳን እዚያ ይራባሉ ለማለት አያስተማምንም። የውኃ ተርብ ውኃን የሚያውቀው ከላዩ ተንጸባርቆ በሚመጣው ፖላራይዝድ (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ) ብርሃን ነው። የሚያብረቀርቅ የመኪና አናት፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ መስታወት፣ የተወለወለ ጥቁር ድንጋይም እንዲሁ ያንጸባርቃል። ሴቷ ውኃ መስሏት እዚያ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ይሞታል። ባዶ ቆዳ ግን አይዋሽም። ይሄ ግለሰብ እዚህ ውኃ ውስጥ አድጎ፣ ከዓሣና ከእንቁራሪት ተርፎ፣ በሕይወት ወጥቷል ይላል። ለአንድ ውኃ ጤንነት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የት ይገኛል? ከውኃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ቄጤማና ሸምበቆ ግንድ ላይ፣ የቅጠል ሥር፣ ድልድይ ሥር፣ የግንብ ጠርዝ ላይ። አንዳንዱ ከውኃው ሜትሮች ርቆ ይወጣል። ከባድ ዝናብና ነፋስ ያረግፈዋል፤ ስለዚህ ጥቂት የረጋ ቀናት ካለፉ በኋላ ሂዱ።

ስትለዩት አፉ ሥር የታጠፈችውን መያዣ እዩ። እጩ ወደፊት ወርውሮ የሚያድንባት ናት። ጠፍጣፋ ናት ወይስ እንደ ማንኪያ ጎድጓዳ? ጀርባውና ጎኑ ላይ እሾህ አለ? ስንተኛው ክፍል ላይ? የዳምስልፍላይ ከሆነ ጫፉ ላይ ሦስት ቅጠል መሰል ተቀጥላዎች አሉ፤ እጩ የሚተነፍስባቸው ናቸው። ቆዳውን ደረቅ አድርጋችሁ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ ክተቱ። ቀለም ይፈዛል፤ እርሳስ ይቆያል። እግሩ ከተጣበቀ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይላላል።

ይሄ ሁሉ አንድም ነፍስ ሳይነካ ነው።

ጸጥታ

ባዶቆዳ፣ ሥራህን አከብራለሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን እናገራለሁ። ቆዳው ባዶ ነው፤ እሱን ማንሳት ማንንም አይጎዳም። እዚያ ለመድረስ የሚረገጠው ግን ባዶ አይደለም። ከውኃ የሚወጡት ዳር ያለው ቄጤማ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ክንፉ እርጥብ ነው፤ መብረር አይችልም። አንድ ሰው ዳር ለዳር ሲሄድ ስንቱን እንደረገጠ አያውቅም። የወፍ ጎጆም አለ። እኔ የምለው፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባ፣ ሰፊው ዳር ሳይነካ ይቅር። በብዙ ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ባዶ ቆዳም ቢሆን ይዞ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። በፎቶ መመዝገብ ለምን አይበቃም?

ባዶቆዳ

ስለ መርገጡ ልክ ነህ። እኔም ጸሐይ ከፍ ሳትል አልገባም፤ ያኔ ብዙዎቹ ደርቀው ሄደዋል። ፈቃድ መጠየቅም ግድ ነው። ፎቶ ግን አይበቃም። ትልልቆቹን በፎቶ ልለይ እችላለሁ። የትንንሾቹ ልዩነት ግን በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ ጸጉርና ጥርስ ነው። ቆዳው ካልተያዘ መዝገቡ "ያልተለየ" ሆኖ ይቀራል።

ጸጥታ

እንግዲያው ያልተለየ ሆኖ ይቅር፤ ለእኔ ዳሩ ይበልጣል። በዚህ ላይ አንስማማም። ምንም አይደለም።

ድንጋይሥር

አንድ ጥያቄ አለኝ። ብርቅ ዝርያ ያለበትን ምንጭ አውቃለሁ። ትክክለኛ ቦታውን ብሰጥ ሰው ይጎርፍበታል ብዬ እፈራለሁ። ሳልመዘግበው ልተወው ወይስ ምን ይሻላል?

ዳታወዳጅ

ድንጋይሥር፣ ሳትመዘግበው አትተወው። ለሕዝብ የሚታየውንና አጣሪው ጋ የሚቀመጠውን መለየት ይቻላል። አይናቹራሊስት ላይ ለምሳሌ ቦታውን ስትደብቅ፣ ነጥቡ 0.2 በ0.2 ዲግሪ በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቦታ ላይ ተጥሎ ይታያል። ይሄ ከምድር ወገብ አካባቢ ጎኑ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛው ነጥብ አይጠፋም። ለቡድኑ አስተባባሪ ግን ትክክለኛውን ስጠው።

ሁሉንም መደበቅ ልማድ እንዳይሆን ግን እለምናለሁ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ አይዩሲኤን፣ የዓለምን የውኃ ተርብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የገመገመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከ6,016 ዝርያዎች 16 በመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸው ታወቀ። ዋናው ምክንያት ረግረግና ወራጅ ውኃ መጥፋቱ ነው። ረግረጉን ለማድረቅ ወይም ምንጩን ለመጥለፍ ዕቅድ ሲወጣ፣ መዝገብ የሌለው ቦታ ጠበቃ የለውም። ዕቅድ አውጪው ካርታ ላይ የሚያየው ባዶ ነው።

የተለመደውም ዝርያ ለዚህ ይሠራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የውኃ ተርብን የወንዝ ጤና መለኪያ አድርገውታል። እያንዳንዱ ዝርያ ከ0 እስከ 9 ነጥብ አለው። በየቦታው የሚገኝ፣ ብክለትና ረብሻ የማይበግረው 0 ያገኛል። በጠባብ ቦታ ብቻ የሚኖር፣ ለአደጋ የተጋለጠና ትንሽ ለውጥ የማይችል 9 ያገኛል። የአንድ ቦታ አማካይ ነጥብ የውኃውን ሁኔታ ይናገራል። አማካይ ለማውጣት ደግሞ ዝቅተኞቹም መቆጠር አለባቸው።

ብሪታንያና አየርላንድን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የብሪቲሽ ድራጎንፍላይ ሶሳይቲ ሪፖርት የተሠራው 17,000 ገደማ ሰዎች በላኩት 1.4 ሚሊዮን መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ከተተነተኑት 46 ዝርያዎች 19ኙ ተስፋፍተዋል፣ 5ቱ ቀንሰዋል። መጨመሩንም መቀነሱንም ያሳየው የተራ ዝርያዎች ተራ መዝገብ ነው። ክሮኮቴሚስ ኤሪትሬያ የሚባለው ደማቅ ቀይ የሙቅ አገር ዝርያ ብሪታንያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አዲስ መሆኑን ያወቁት ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ስለጻፉ ነው።

ዝናብወዳጅ

ስለ ሰዓትና ስለ አየር ማንም አላነሳም። ጸሐይ ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብዙው የሚታየው። ደመና ሲሸፍን ወዲያው ይጠፋሉ። ስለዚህ ምንም ካላያችሁ የአየሩን ሁኔታና እዚያ የቆያችሁበትን ጊዜ ጻፉ። በጸሐይ አንድ ሰዓት ፈልጎ አለማግኘትና በደመና አምስት ደቂቃ ቆሞ አለማግኘት እኩል አይደሉም። ሲመሽ የሚያድኑም አሉ፤ አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ቆዩ።

ሌላው የምወዳት ፓንታላ ፍላቨሰንስ ናት። በዓለም ላይ እጅግ ተሰራጭታ የምትገኝ የውኃ ተርብ ናት። በዝናብ ነፋስ ትጓዛለች። ዝናብ ባቆረው ጊዜያዊ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ እጯ በሁለት ወር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ያድጋል። ማልዲቭስ ላይ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፣ ሆኖም በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ በብዛት ትደርሳለች። የባሕር ሕይወት ተመራማሪው ቻርልስ አንደርሰን የምትደርስበትን ቀን በየዓመቱ እየመዘገበ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ ከሕንድ ተነስታ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ትሻገራለች የሚል ሐሳብ አቀረበ። መነሻው ምን ነበር? የተለመደች ተርብ፣ ቀንና ቦታ። በየዓመቱ።

ስለዚህ መንጋ ሆና ሜዳ ላይ ስትዞር ካያችሁ ቀኑን፣ የምትሄድበትን አቅጣጫና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ። ውኃ አጠገብ ባትሆንም።

የኩሬዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀዩን ከአሁን በኋላ ሳልጽፍ አልመለስም። የዛሬውን እንዲህ አድርጌ አዘጋጀሁት፤ እዩልኝ።

ኮኦርዲኔቱ 4 አኃዝ፣ ቀኑ፣ ከ4:30 እስከ 5:30፣ ጸሐይ፣ ነፋስ የለም። ያየሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ። ክሮኮቴሚስ ኤሪትሬያ፣ ወንድ፣ ከ10 በላይ፣ ሲባረሩ። አናክስ ኢምፔራቶር፣ 1 ወንድና 1 ሴት፣ ሴቷ ተንሳፋፊ ተክል ላይ እንቁላል ስትጥል። ኢሽኑራ ሴኔጋለንሲስ፣ ብዙ፣ ተያይዘውም። ዳምስልፍላይ፣ ያልተለየ፣ 3።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ የተወው የድሮ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። ስለ ወፍና ስለ ነፍሳት ይጽፍ ነበር። ስለዚሁ ኩሬ የጻፈው አለ። አንዳንዱ ቀን አለው፣ አንዳንዱ ወር ብቻ። "ትልቅ ሰማያዊ፣ ብዙ" የሚልም አለ። ይሄ ይላካል?

አራትክንፍ

ዝርዝሩ በጣም ጥሩ ነው። አናክሷን እንቁላል ስትጥል መጻፍህ በተለይ። ኢሽኑራ ሴኔጋለንሲስ ያልከውን በምን እንደለየኸው አንድ መስመር ጨምርበት፤ የወንዱ የጭራ ጫፍ ፎቶ ካለህ አያይዘው። ከሌለህ "ኢሽኑራ" ላይ አቁመው፤ በሚቀጥለው ታገኘዋለህ። ያልተለዩትን 3ቱን ስላልተውካቸው ደስ ብሎኛል።

የአባትህን ደብተር ላክ። የድሮ መዝገብ በጣም ያንሰናል። ገጾቹን መጀመሪያ ፎቶ አንሳቸው፣ ከዚያ ቃል በቃል ገልብጥ፤ አታስተካክል። ወር ብቻ ካለ ወር ብቻ ጻፍ፤ ቀን ፈጥረህ አትሙላ። በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደጻፈው ለይተህ ግለጽ፣ እኛ ስንቀይር ዓመት እንዳንስት። መዝጋቢ በሚለው ላይ የእሱን ስም አስገባ፤ ገልባጭ በሚለው ላይ ያንተን። "ትልቅ ሰማያዊ"ን ወደ ዝርያ አትቀይረው። ሌላ ገጽ ላይ ስለ ክንፉ ወይም ስለ አኳኋኑ የጻፈው ካለ አብሮ ይቅረብ፤ ከዚያ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ቀን ያላቸውን ገጾች ላክልኝ።